በሌዘር የሚሰራ የሳይነስ ኦፕራሲዮን፦ እህቴን ላሰራት ወይስ ይቅር? የምታውቁ እርዱኝ

የቱሉዲምቱ_ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ታላቅ እህቴ (እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት) እንጀራ እየጋገረች ለሱቆችና ለምግብ ቤት ታስረክባለች። አፍንጫዋ ከድሮም ይደፈን ነበር፣ ብርድ ነው ስንል፣ የሰፈሩ አቧራ ነው ስንል፣ ዳማከሴ ስናሸት፣ ባህር ዛፍ ስንታጠን ቆየንና ከ2 አመት ወዲህ ጭራሽ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋባት። ቡና ሲቆላ አይሸታትም። ሊጥ መድረሱን ድሮ ከበር ላይ ሆና ነበር የምታውቀው፣ አሁን የባልዲውን ክዳን ከፍታ ታጎነብስና ዝም ብላ ትቆያለች፣ ከዛ የ7 አመቱን ልጄን ትጠራዋለች። "ና እስቲ አሽትትልኝ፣ ኮምጧል?" ልጁም ቁም ነገር አድርጎ ይዞት በየጠዋቱ አንገቱን ባልዲው ላይ አስግጎ "ገና ነው አክስቴ" ይላታል። ይሄን ሳይ ነው ሆዴ የተላወሰው፣ ተጣልቻት ነው ሀኪም ቤት የወሰድኳት።

የመጀመሪያው ሀኪም በቀጭን ካሜራ አፍንጫዋን አይቶ በሁለቱም በኩል ፖሊፕ (አፍንጫና ሳይነስ ውስጥ የሚያድግ ለስላሳ እብጠት) አለ አለን። ስፕሬይና ኪኒን ሰጥቶ ካልተሻላት ሲቲ ስካን ተነስታ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ነገረን። ኪኒኑን በወሰደችበት ሰሞን ትንሽ ሸተታት፣ ሲያልቅ ተመልሶ ጠፋ።

ከዛ ሰው ጠቁሞን ሌላ ክሊኒክ ሄድን (ስሙን አልጠራም)። እዛ ደግሞ "በሌዘር ነው የምንሰራው፣ ደም የለውም፣ ህመም የለውም፣ በ20 ደቂቃ ጨርሳ ቤቷ ትገባለች፣ ሁለተኛም አይመለስባትም፣ ሲቲ ስካንም አያስፈልግም" አሉን። ዋጋው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። የእሷ እቁብ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፣ ለሱ ልታውለው ቆርጣለች። "ደም ካልፈሰሰኝ ይሻለኛል" ትላለች፣ ቢላ በጣም ትፈራለች። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። በሌዘር የተሰራችሁ አላችሁ? እውነት አይመለስም?

የሰበታው
ወንድሜ እኔ በሌዘር ተሰርቻለሁ ግን ልብ በል፣ የኔ ፖሊፕ አልነበረም። አፍንጫ ውስጥ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ ያለው ስጋ (ሀኪሞቹ ተርቢኔት ነው የሚሉት) በአለርጂ አብጦ ማታ ማታ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። በማደንዘዣ ስፕሬይና በጥጥ አደነዘዙኝ፣ ነቅቼ እያወራሁ ነው የሰሩኝ፣ አይኔን በመከላከያ ሸፈኑኝ። የተቃጠለ ፀጉር አይነት ሽታ ይሸታል እሱ ትንሽ ይረብሻል። እውነትም ደም የሚባል አላየሁም፣ በዛው ቀን ሰበታ ገባሁ።

ያልነገሩኝ ነገር ቢኖር ከዛ በኋላ ያለውን ነው። ለ3 ሳምንት ገደማ አፍንጫዬ ቅርፊት እየሰራ ከመጀመሪያውም በላይ ተደፍኖ ነበር፣ ተበላሸብኝ ብዬ ማልቀስ ቀርቶኝ ነው። በጨው ውሃ እያጠብኩ፣ እየተመላለስኩ እያፀዱልኝ ለቀቀኝ፣ አሁን ተመስገን እተነፍሳለሁ። ያንተ እህት ግን ሽታ ነው የጠፋባት፣ ፖሊፕ ነው፣ የኔና የሷ አንድ አይደለም መሰለኝ። ባለሙያ ይናገር።

እማማ_ቡራዩ
ልጄ ለእህትህ እግዚአብሔር ምህረት ያውርድላት። እኔ እናትህ በምሆን እድሜ ላይ ነኝና አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ሌዘር የሚሉት ጨረር ነው አይደል? ጎረቤቴ ነፍሷን ይማርና ለካንሰር ጨረር ሲሰጧት ቆዳዋ ጠቁሮ ነበር። አፍንጫ ደግሞ ከአይንና ከአንጎል ጋር የተያያዘ ነው። ቸኩላችሁ እንዳትገቡበት። ሰው ሳይጠየቅ ጨረር ይገባል ወይ?

አንገት_በላይ_ሀኪም
ጤና ይስጥልኝ። የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ነኝ፣ ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ ሰፋ አድርጌ ልፃፍ። ከእማማ ልጀምር። እማማ ጥያቄዎ ትልቅ ነው፣ ብዙ ታካሚ ይሄን ፈርቶ ነው የሚቀረው። ሁለቱንም በአማርኛ "ጨረር" ስለምንላቸው ነው እንጂ የካንሰሩ ጨረርና ሌዘር አይገናኙም። ሌዘር ብርሃን ነው፣ አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ሀይለኛ ብርሃን። የሚጎዳውም የሚጠቅመውም በሙቀቱ ነው፣ ያቃጥላል፣ ያተናል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካንሰር የሚያመጣ አይነት አይደለም። ግን አይንና አንጎል ቅርብ ነው ያሉት ልክ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አሁን ወደ እህታችን። ሳይነስ ማለት በጉንጭ፣ በግንባር፣ በሁለቱ አይኖች መሀል እና ወደ ኋላ በጭንቅላት ስር ያሉ አየር የያዙ ክፍተቶች ናቸው። ውስጣቸው በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፣ ሽፋኑ ላይ በአይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፣ ቀን ከሌት ንፍጡን እየጠረጉ ወደ መውጫዋ ቀዳዳ ይገፉታል። የጉንጩን ሳይነስ ብትወስዱ መውጫው ያለው ከላይ ነው፣ ቁልቁል አይፈስም፣ ተገፍቶ ሽቅብ ነው የሚወጣው። የሚገርመው ከታች ሌላ ቀዳዳ ብትከፍትለት እንኳን ፀጉሮቹ ወደ ድሮው መውጫ ነው የሚገፉት። ይሄንን ነው የኦስትሪያው መሰርክሊንገር ግራዝ ከተማ ላይ አመታት ወስዶ ያጠናው፣ የዛሬው በኢንዶስኮፕ (በቀጭኑ ካሜራ) የሚሰራ ኦፕራሲዮን በሱ ላይ ነው የቆመው። በ1985 በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ላይ ኬነዲ የሚባል ሀኪም "ፈንክሽናል" የሚለውን ቃል ጨመረበት፣ ዋናው ሀሳብ ተፈጥሯዊውን መውጫ ክፈት፣ ጤነኛውን ሽፋን አትንካ ነው።

እንግዲህ ሌዘር የሚጋጨው እዚህ ጋ ነው። ሙቀት የነካው ቦታ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ዙሪያውን ያበስላል። የበሰለ ሽፋን ፀጉሮቹን ያጣል፣ ቅርፊት ይሰራል፣ ቶሎ አይድንም፣ አንዳንዴ ግራና ቀኙ ተጣብቆ ጠባሳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአይንና በሳይነስ መሀል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው (የላቲን ስሙ ራሱ ወረቀት ማለት ነው)፣ ከላይ ደግሞ የአንጎል ወለል አለ። በመሳሪያ ስሰራ አጥንት ስነካ እጄ ያውቀዋል፣ ሌዘር ግን ለእጅ ምንም አይናገርም። ያለ ሲቲ ስካን እዛ ውስጥ መግባት ማለት በማታ ያለ መብራት የገደል መንገድ መንዳት ነው። በሌዘርም ይሁን በቢላ፣ ለሳይነስ ፖሊፕ ሲቲ ስካን አያስፈልግም ያለህ ሰው ጋ አትመለስ። ይሄንን አስረግጬ ነው የምልህ።

ሶስተኛው ነገር፣ ፖሊፕ ከወጣ በኋላ ለምርመራ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። በተለይ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የግድ ነው፣ ፖሊፕ መስሎ ሌላ እጢ የሆነ ስንት ጊዜ ገጥሞኛል። በሌዘር ተቃጥሎ የተነነ ነገር ምኑ ይላካል?

"አይመለስም" ለተባለው ደግሞ፣ ፖሊፕ የሽፋኑ ቁጣ ነው፣ ቁጣው ካልበረደ ማንም በምንም ቢያወጣው ሊመለስ ይችላል። ለዚህ ነው ከኦፕራሲዮን በኋላ ስፕሬዩም እጥበቱም የሚቀጥለው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እህትህ አስም አለባት? አስፕሪን ወስዳ የሆነችው ነገር አለ?

የቱሉዲምቱ_ልጅ
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ይሄን ሲጠይቁ ፀጉሬ ነው የቆመው። አስም ተብላ አታውቅም ግን ሌሊት ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አምና ራሷን አሟት ከሱቅ አስፕሪን ወስዳ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ትንፋሽ አጥሯት ፊቷ ቀልቶ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሮጥን። መብራት ጠፍቶ ኮሙናሉ ውስጥ በእንጨትና በሰጋቱራ ስትጋግር ስለዋለች ጭሱ ነው ብለን ነው የተውነው። ለሁለቱም ሀኪሞች አልነገርናቸውም፣ የሚያገናኘው አልመሰለንም።

አንገት_በላይ_ሀኪም
በጣም ይገናኛል። ፖሊፕ፣ አስምና አስፕሪን አለመስማማት አብረው የሚመጡበት በሽታ አለ። ሶስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ፖሊፑ ግትር ነው፣ ከሌላው ሰው በላይ ይመለሳል። ስለዚህ "ሁለተኛ አይመጣባትም" ብሎ ቃል የገባላችሁ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ነው የገባው።

ከዛሬ ጀምሮ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ሀኪም ሳያማክር አትውሰድ። ከሱቅ "የራስ ምታት" ብላ እንዳትገዛ፣ ስሙን ወረቀት ላይ ፃፍላትና ቦርሳዋ ውስጥ ይቀመጥ። ለቀዶ ጥገና ሀኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ንገሩ። ደረቷም መጀመሪያ ይታይ፣ አስሙ ሳይረጋጋ ማደንዘዣ ውስጥ መግባት ጥሩ አይደለም።

ሱሉልታ_77
ይቅርታ ግን ሀኪሞቻችን አዲስ ነገር ሲመጣ ለምንድነው የምትቃወሙት? አጎቴ ውጭ አገር የኩላሊት ጠጠሩን በሌዘር ነው ያፈረሱለት፣ አይንም በሌዘር ነው የሚሰራው። እኛ አገር ሲመጣ ነው አደጋ የሚሆነው? ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ዘመናዊ ህክምና ማግኘት መብቱ ነው። እኔ ሳይነሴ ሲነሳብኝ ግንባሬን በነጠላ አስሬ ነው የምውለው፣ በሌዘር የሚገላግለኝ ባገኝ ነገ እሄዳለሁ።

ባዮሜዲካል_ለገጣፎ
ወንድም ሱሉልታ፣ ህመሙን ስለማውቀው ንዴትህ ይገባኛል። እኔ የህክምና መሳሪያ ጥገና ላይ ነው የምሰራው፣ ሌዘር ፈትቼ ገጥሜ አውቃለሁና እስቲ ከማሽኑ በኩል ልንገርህ። "ሌዘር" የሚባል አንድ እቃ የለም። ልክ መኪና እንደማለት ነው፣ ባጃጅም ሲኖትራክም መኪና ነው። ልዩነቱ የሞገድ ርዝመቱ ነው፣ እሱ ነው ብርሃኑን ምን እንደሚውጠው የሚወስነው።

ካርቦንዳይኦክሳይድ ሌዘር 10,600 ናኖሜትር ነው፣ ውሃ ይውጠዋል፣ ስጋ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ላይ ላዩን ብቻ ይቆርጣል፣ ጥልቅ አይገባም። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን በተራ የመስታወት ፋይበር አያልፍም፣ ስለዚህ ወደ አፍንጫ ጓዳ አጣጥፎ ማስገባቱ ችግር ነው። ኤንዲ ያግ የሚባለው 1064 ነው፣ በፋይበር ያልፋል፣ ደም ያቆማል፣ ግን ሚሊ ሜትሮች ወደ ውስጥ ዘልቆ ያበስላል፣ ላዩ ደህና መስሎ ስሩ ተቃጥሎ ይገኛል። አይን አጠገብ ይሄንን አስበው። ኬቲፒ 532 ነው፣ አረንጓዴ፣ የደም ቀለም ነው የሚውጠው፣ ስለዚህ የደም ስር ላይ ይበረታል፣ ፖሊፕ ግን የገረጣ ውሃ ያዘለ ነገር ነው። ሆልሚየም 2100 አካባቢ ነው፣ የአጎትህን ጠጠር ያፈረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ አጥንትም ይሰብራል፣ ግን በየምቱ ስለሚፈነዳ ደሙን ካሜራው ላይ ይረጨዋል። ዳዮድ ደግሞ አሁን በየክሊኒኩ የምታየው ትንሿ ሳጥን ናት፣ ብዙዎቹ ከ810 እስከ 980 ናቸው፣ ርካሽና ቀላል ስለሆነች ነው የበዛችው።

ስለዚህ የቱሉዲምቱ ልጅ፣ "በሌዘር" ሲሉህ የትኛው ሌዘር፣ የቱ ቦታ ላይ፣ ምን ለመስራት ብለህ ጠይቅ። ሌላም እይ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መነፅር ማድረግ አለበት፣ መነፅሩም ለዛው ሞገድ የተሰራ መሆን አለበት፣ የአረንጓዴው መነፅር ለ1064ቱ አያገለግልም። 1064ና ዳዮዱ በአይን ስለማይታዩ ሰው ይዘናጋል። ጭሱን የሚስብ መሳሪያ ይኑር። ኦክስጅን በበዛበት ሌዘር እሳት ያስነሳል፣ ይሄ ተረት አይደለም፣ ለዛ ነው እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት። እኛ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች ደግሞ መብራቱን እናውቀዋለን፣ ጀነሬተሩና ዩፒኤሱ ይሰራ እንደሆነ ማየት ነውር የለውም። አንዴ ለጥገና ተጠርቼ የሄድኩበት ቦታ መነፅሩ በካርቶን ታሽጎ ፕላስቲኩ እንኳን አልተላጠም ነበር፣ ማሽኑ ግን ወራት ሰርቷል። ያን ቀን እጄ ነው የተንቀጠቀጠው።

አንገት_በላይ_ሀኪም
ባዮሜዲካል ጨረስክልኝ። ሱሉልታ፣ ሌዘር አልቃወምም፣ እኔም እጠቀማለሁ። የሰበታው ወንድማችን የተሰራው አይነት ተርቢኔት ላይ ጥሩ ነው። በዘር የሚመጣ የደም ስር በሽታ ኖሮባቸው በየቀኑ ነስር የሚፈሳቸው ሰዎች አሉ፣ ለነሱ ሌዘር እፎይታ ነው። የተጣበቀ ጠባሳ ለመለየትም ይሆናል።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ሌዘር ራሱ የተፈጠረው በ1960 ነው፣ ለሳይነስ በ80ዎቹና በ90ዎቹ በሰፊው ተሞክሯል። ከዛ በ90ዎቹ አጋማሽ ማይክሮዲብራይደር መጣ፣ ከጉልበት ኦፕራሲዮን የተወሰደ እቃ ነው፣ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ምላጭ ሆኖ ፖሊፑን እየሳበ ይቆርጣል፣ ደሙንም አብሮ ስለሚመጥ እያየህ ትሰራለህ፣ ሙቀት የለውም፣ የተቆረጠውም ተጠራቅሞ ለላቦራቶሪ ይደርሳል። ለፖሊፕ ሌዘሩን ወደ ጎን ያስቀመጠው ይሄ ነው። አንተ ደግሞ ግንባርህን የሚያስረው ሳይነስ ይሁን ማይግሬን መጀመሪያ ይታይልህ፣ ብዙ ሰው "ሳይነስ" የሚለው ራስ ምታት ሲመረመር ማይግሬን ሆኖ ይገኛል።

ሱሉልታ_77
እሺ ዶክተር፣ እንደዛ አላሰብኩትም ነበር። እታያለሁ።

ሲስተር_ገላን
እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ደሙ እህትህን አረጋጋልኝ። ሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሰጣት፣ አታይም አትሰማም። ጭንቅላቷን ከፍ አድርገን፣ የደም ስር የሚያጠብ መድሃኒት በጥጥ አስቀምጠን ነው የሚጀመረው፣ ከነቃች በኋላ ለሁለት ሶስት ቀን ደም ያዘለ ንፍጥ ማየቷ ያለ ነው። እንዳትናፈጥ፣ ስታስነጥስ አፏን ከፍታ ታስነጥስ፣ ባልዲ ሊጥ እንዳታነሳ። ትኩስ ደም ካላቆመ፣ አይኗ ካበጠ ወይ እይታዋ ካስቸገራት፣ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ከአፍንጫዋ ጠብ ጠብ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋት ኑ።

እጥበቱን አደራ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ላይ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው፣ ትንሽ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ። ውሃው የሮቶም ይሁን የቧንቧ ጥሬውን አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ፣ ይፈላና ይቀዝቀዝ። እኛ የምንኖረው ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ ቶሎ የፈላ ይመስላል፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጎንበስ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ በአንዱ አስገብታ በሌላው ታፍስሰው። መጀመሪያ ቀን የሰጠመች ይመስላታል፣ በሶስተኛው ቀን ራሷ ነው "የት አለ ውሃዬ" የምትለው።

የቱሉዲምቱ_ልጅ
ወገኖቼ ከወር ተኩል በኋላ ተመለስኩ፣ ዝም ያልኩት ስሯሯጥ ነው። ክሊኒኩ ጋ አንዴ ደወልኩና የትኛው ሌዘር ነው፣ የወጣው ለምርመራ ይላካል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ "ና እንጂ በስልክ አይነገርም" አሉኝ፣ ተውኩት። የመጀመሪያው ሀኪም ጋ ተመለስን፣ የአስፕሪኑን ነገር ስንነግረው ብእሩን አስቀምጦ ነው ያዳመጠን። ደረቷ ታየ፣ አስም ነው ተባለ፣ የሚሳብ መድሃኒት ጀመረች፣ ሌሊት ሲር ሲር ማለቱ ቀረ። ከዛ ሲቲ ስካን ተነሳች። ሀኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን፣ አየር ያለበት ጥቁር መሆን ነበረበት፣ የሷ ሁሉም ግራጫ ነው። በአንደኛው በኩል የአይኗ አጥንት ላይ ክፍተት እንዳለ በጣቱ አሳየን። "ይሄን ሳላይ ብገባ ኖሮ" ብሎ ዝም አለ። እታለም እጄን ጨምቃ ይዛው ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ከተሰራ ዛሬ 24 ቀኑ ነው። ሌዘር አልተነካም፣ ዶክተሩ ያለው ያ የሚሽከረከረው ነው። የወጣው ተልኮ ውጤቱ ደህና ነው ተባልን። እቁቧ በቂ ሆኖ ተርፏታል። አንዴ ቅርፊት ተነቅሎላታል፣ እጥበቱን ልክ ሲስተር እንዳሉት ነው የያዘችው፣ ልጄ 3 ደቂቃውን በስልክ ይለካላታል።

ሽታው ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም፣ ሊጡን አሁንም ልጁ ነው የሚያሸትላት። ግን ሀሙስ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆማ ድንገት "ማነው ፌስታል የሚያቃጥለው?" ብላ ጮኸች። እውነትም ከብሎኩ ጀርባ ጥበቃው ቆሻሻ እያቃጠለ ነበር፣ እኛ ሳንሰማው እሷ ሰምታው። ቆማ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው። እማማ፣ ዶክተር፣ ሲስተር፣ ሁላችሁም እግዜር ያክብርልኝ።

አሁን ዶክተሩ ጭስ ውስጥ ተመልሳ ከገባች ነገሩ ከንቱ ነው ብሏል። ኮሙናሉ ውስጥ መብራት ሲጠፋ በእንጨት የምትጋግርበት ምድጃ ላይ የጭስ ማውጫ ማሰራት እፈልጋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ አካባቢ በላሜራ የሚሰራ ጥሩ ባለሙያ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

የሰበታው
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ለምድጃው ሰበታ አንድ ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ለእናቴ የሰራላት ጭሱን በጣሪያ ነው የሚያወጣው። ቅዳሜ ቃሊቲ ስለሚመጣ እግረ መንገዱን ለክቶ ይሄዳል፣ የምጣዱን ስፋት ብቻ ፃፍልኝ።